ሩብ ዙር ማሰሪያ ምንድን ነው?

በግል በሚሠራ ትንሽ አውሮፕላን ላይ የሞተሩን ኮፈን ከአካሉ ጋር የሚይዝ፣ በ90 ዲግሪ ዙር ብቻ የሚቆለፍና የሚፈታ ማሰሪያ ነው። በጣም የታወቀው ዓይነት ዩክሬን ተወልዶ አሜሪካ በኖረው በዊልያም ዙስ ስም ይጠራል፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው።

ኮፈኑ ላይ ጠመዝማዛ ስንጥቅ ያለው አጭር ካስማ ይገጠማል። ከሥር ባለው ላሜራ ላይ ደግሞ የሽቦ ሞላ በሪቬት ይያዛል። ካስማው በካቻቪቴ ሲዞር ሽቦው ስንጥቁን ተከትሎ ይወጠርና መጨረሻው ላይ ካለው ጎድጎድ ገብቶ ያርፋል። ለመላቀቅ ያንን ውጥረት መልሶ መሻገር ስላለበት ንዝረት በቀላሉ አይፈታውም።

ኮምቦልቻ ውስጥ ጋራዥ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ «ብሎንና የማይላላ ዳዶ ምን ጎደለው?» ማለቱ አይቀርም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የሚመላለሱ የጭነት መኪኖች የሚያላሉትን ሁሉ እያጠበቀ የሚውል ሰው ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። በጥንካሬ ብሎን አይታማም፤ ዋጋውም ይቀላል። ችግሩ ሌላ ነው። ኮፈኑን ለማንሳት በርካታ ብሎኖች መፍታት ያለበት አብራሪ ዘይት የሚያንጠባጥብ ቱቦ ወይም የተሰነጠቀ የጭስ ማውጫ መኖሩን በየጊዜው ከፍቶ አያይም፤ «ለነገ» ይላል። እኔ ሩብ ዙርን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ዓመት እስከ ዓመት ለማይከፈት ሽፋን ግን ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ኮፈኑን ለመያዝ በሩብ ዙር ፋንታ፣ ሽቦው ተስቦ ሲወጣ የሚላቀቅ ረጅም ማጠፊያም አለ። ከውጭ ምንም ስለማይታይ መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን ሽቦው የሚያልፍባቸው የማጠፊያው ቀለበቶች በንዝረት ተበልተው ሊሰበሩ ይችላሉ።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የካስማው ርዝመት ነው። ካስማው ለሚያጣብቃቸው ላሜራዎች ድምር ውፍረት የተለካ መሆን አለበት፤ ከረዘመ ኮፈኑ ይንቀጫቀጫል፣ ካጠረ ሞላውን አይነክስም። በዙስ ማሰሪያ ራስ ላይ «ኤፍ 6½ .50» የሚል ጽሑፍ ቢታይ ራሱ ጠፍጣፋ፣ የካስማው ግንድ ውፍረት (ዲያሜትር) 6½ የኢንች አሥራ ስድስተኛ፣ ርዝመቱ ግማሽ ኢንች ማለት ነው። የፋይበር ግላስ ኮፈን ውፍረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እያንዳንዱን ቀዳዳ ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል።

በማሰሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ከፊት የሚገባው አየር ኮፈኑን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ማሰሪያዎቹ ከተራራቁ ላሜራው መሃል ላይ ያብጥና አየር ያፈተልካል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ በሚለው የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። እዚያ በስንጥቅ የሚባክን አየር አያዋጣም።

በሚገጠምበት ጊዜ ሞላዎቹን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ማስያዝ ይበጃል። እንደዚያ ከሆነ ካስማዎቹ ሲቆለፉ አናታቸው ላይ ያሉት የካቻቪቴ መግቢያ መስመሮች ትይዩ ይሆናሉ፤ ያልተቆለፈው ከበረራ በፊት በአንድ እይታ ይለያል።