ከሰሜን ሸዋ ወደ አዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት የተሳፈረ ሰው ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱንና ሰንዳፋን አልፎ ከምሳ በፊት ላምበረት መናኸሪያ ይደርሳል። ብዙዎቻችን የምንሄደው ለሕክምና፣ ለክስ፣ ለዕቃ ግዢ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ነው። ጉዳያችን ሲያልቅ በዚያው እንመለሳለን። ቴአትር ቤት ግን ጎራ አንልም። እኔን ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም በአማርኛ ቴአትር ታሪክ ውስጥ የሰሜን ሸዋ ሰዎች አሻራ ሰፊ ነው።

የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ደራሲ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሰያ ደብር ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው ተምረዋል። ሲመለሱ አዲስ አበባ ውስጥ ቴአትር ተብሎ የቀረበላቸው ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነባቸው። ስለዚህ በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፈው በቴራስ ሆቴል አሳዩ። ተውኔቱ በእንስሳት እያሳበበ የቤተ መንግሥቱን ሙስና ይነካ ነበር። ንግሥት ዘውዲቱም አገዱት። እኚሁ ሰው ናቸው በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት።

ከመንዝ ገርም ገብርኤል ደግሞ ከበደ ሚካኤል አሉ። «የትንቢት ቀጠሮ»ንና «አኒባል»ን ጽፈዋል፤ «ሮሜዎና ዡልዬት»ንም በአማርኛ ግጥም አቅርበውልናል። ትምህርት ቤት ግጥማቸውን በቃሉ ያልያዘ የሰሜን ሸዋ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ከቴአትር ቤቶቹ ሁሉ አንጋፋው ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር ነው። የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጣሊያን ሊወረን የቀሩት ወራት ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ ማኅበር እንጂ ቴአትር ቤት አልነበረም። ሕዝቡን ለመጪው ጦርነት የሚያነሳሳ ንግግር፣ ዘፈንና ሽለላ ይቀርብ ነበር። የማኅበሩ ዋና መሥራች መኮንን ሀብተወልድ ናቸው። አባታቸው አለቃ ሀብተወልድ የቡልጋ ካህን ነበሩ። ማኅበሩ በወረራው ዘመን ተቋርጦ፣ ከነጻነት በኋላ እንደገና ቆመ። ጥላሁን ገሠሠም የድምፃዊነት ሕይወቱን የጀመረው እዚሁ ቤት ነው። ትኬት ባትቆርጡ እንኳ ፒያሳ ስትደርሱ በሩ ላይ ቆም በሉ። ይህ ቤት የተጀመረው ለመዝናኛ ሳይሆን አገር ልትወረር ስለነበር ነው። እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ብሔራዊ ቴአትር በመልኩም በስፋቱም ሌላ ነው። ጣሊያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሕንፃ ነበር። ተሠርቶ ያለቀው በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል ነው። ያኔ ስሙ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ይባል ነበር። መድረኩ የተከፈተው በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። ከፊቱ ያለውን ግዙፍ የአንበሳ ሐውልት የሠራው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው። ለመንገደኛ ጥሩ ምልክት ነው፤ «አንበሳው ጋ እንገናኝ» ብትባሉ ወዲያው ታገኙታላችሁ። ከላምበረት መገናኛ በታክሲ ሄዳችሁ፣ ከዚያ ቀላል ባቡር ይዛችሁ ለገሃር ብትወርዱ ቅርብ ነው።

ሌሎችም አሉ። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በ1957 ዓ.ም. በተመረቀው የከተማዋ አስተዳደር ሕንፃ ውስጥ ነው። ራስ ቴአትር ከመርካቶ ሕይወት ጋር የተሳሰረ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትርን አስቡ። ሕንፃዎቹ አንዳንዴ ለእድሳት ስለሚዘጉ፣ ከመነሳታችሁ በፊት አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ይጠይቅላችሁ።

ወደ ትኬቱ ስመጣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር። የኛ አገር ቴአትር በአብዛኛው የራሱ ቀን አለው። አንድ ተውኔት ለምሳሌ ሐሙስ ከሆነ፣ ተመልካች እስካለው ድረስ ለወራት ሐሙስ ሐሙስ ይታያል። ስለዚህ ቀኑን ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። ቀኑና ሰዓቱ በራችን ላይ ባይለጠፍም፣ በቴአትር ቤቱ ደጃፍ ፖስተር፣ በሬዲዮ ማስታወቂያና በተዋንያኑ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ይወጣል። ትኬት የሚቆረጠው በቴአትር ቤቱ መስኮት ነው። ለበዓል ሰሞን ዝግጅትና ታዋቂ ተዋናይ ላለበት ተውኔት ሰልፉ ይረዝማል። እኔ አንድ ጊዜ ከደብረ ብርሃን ሄጄ፣ ስደርስ ትኬቱ አልቆ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ከተማ ያለ ዘመዴ ቀድሞ እንዲቆርጥልኝ እጠይቃለሁ። ሰብሰብ ብላችሁ ከሄዳችሁ፣ መቀመጫዎቹ እንዳይራራቁ አንድ ሰው ለሁሉም ይቁረጥ። በደጃፉ በእጅ የሚሸጥ ትኬት አትግዙ።

ለኛ ትልቁ ጥያቄ መመለሻው ነው። በሥራ ቀን ብዙው ተውኔት አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ ሲያልቅ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ መኪና አታገኙም። ማደር ግድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚጀምር ካገኛችሁ ግን ነገሩ ይቀላል። እንደዚያም ሆኖ መጋረጃው እስኪዘጋ ድረስ ሰዓት እያዩ መቀመጥ ያውካል፤ ዘመድ ቤት አድሮ መመለስን የሚያህል የለም። በሌሊት ማሽከርከርን እኔ አልመክርም። ከመነሳታችሁ በፊትም መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ።

መብራቱ ከመጥፋቱ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ፤ ስልካችሁንም ዝጉ። ጋቢ ወይም ሹራብ መያዝ ለደብረ ብርሃን ሰው የሚነገር አይደለም። አዳራሹ ግን በሰው ሲሞላ ይሞቃልና፣ ለማውለቅ የሚመች ልብስ ልበሱ።