ቅራቅንቦ መለጠፍ መንኮራኩር አያደርግም

«ዕቃውን ከቆራሌ መግዛት ነው፤ ለጣጥፎ ግራጫ ቀለም መንፋት።» ደብረ ብርሃን ውስጥ የጠፈር መንኮራኩር ሞዴል ከባዶ ልሥራ ብሎ የተነሣ ልጅ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ውጤቱንም ተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ባሳዩ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ እናገኘዋለን፤ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ የተዘረገፈበት ካርቶን። ልጁ አልሰነፈም፤ የተነገረው ነው የተሳሳተው። የሚደጋገመውን ሁሉ አንድ በአንድ እንየው፤ በጣም የሚያናድደው ይቅደም።

«ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር መንኮራኩሩ ግዙፍ ይመስላል»

አይመስልም። ግዙፍነትን የሚናገረው የዝርዝሩ ብዛት ሳይሆን ልኩ ነው። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚያይ ሰው የገደሉን ትልቅነት የሚያውቀው ድንጋዩን ቆጥሮ አይደለም፤ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ የምትወርደውን አይሱዙ አይቶ ነው። አይሱዙዋ የክብሪት ቀፎ ካከለች የቀረውን ዓይን ራሱ ያሰላዋል። ሞዴል ላይም ዓይን የሚፈልገው እንዲህ ያለ የሚያውቀውን ነገር ነው፦ መስኮት፣ በር፣ መሰላል፣ የእጅ መያዣ።

ስለዚህ ከተር ከመነሣቱ በፊት የሚወሰን አንድ ቁጥር አለ፦ ሰው በዚህ ሞዴል ላይ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በ1፡72 ስኬል (ማለትም ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 72 ጊዜ ሲያንስ) 23.6 ሚ.ሜ፣ በ1፡144 ወደ 12፣ በ1፡350 ወደ 5፣ በ1፡1000 ደግሞ 1.7 ሚ.ሜ ይሆናል። የአንድ ፎቅ ከፍታ 3 ሜትር ነው ብንል በ1፡144 ወደ 21 ሚ.ሜ፣ በ1፡350 8.6፣ በ1፡1000 3 ሚ.ሜ ነው። 60 ሳ.ሜ የሆነ ሞዴል በ1፡350 ሲታሰብ 210 ሜትር፣ ማለትም ሁለት የኳስ ሜዳ ያህል ነው። ያው ሞዴል በ1፡1000 ሲታሰብ 600 ሜትር ይሆናል። ፕላስቲኩ አልጨመረም፤ የተቀየረው የመስኮቱ ቀዳዳ ብቻ ነው። ለመጀመሪያው 2 ሚ.ሜ፣ ለሁለተኛው 0.6 ሚ.ሜ መሰርሰሪያ ይበቃል። ሁለቱን መጠን አንድ ሞዴል ላይ የቀላቀለ ሰው ግን ሁለቱንም አጣ።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ እያንዳንዱ ቅራቅንቦ ፍርድ ያገኛል። ስፋቱ 15 ሚ.ሜ የሆነ የኪቦርድ ቁልፍ በ1፡350 ከ5 ሜትር በላይ የሆነ ሣጥን ነው፤ የጭነት ኮንቴይነር ቢባል ያስኬዳል። በላዩ ያለው ፊደል ካልተፋቀ ግን ቁልፍ ሆኖ ይቀራል። የመስቀል ቅርጽ ያለበት የብሎን ጭንቅላትም እንደዚሁ። ከሁሉ የባሰው ሙሉውን የተለጠፈ የሬዲዮ ቦርድ ነው፤ ዓይን አንዴ «ይሄማ ሬዲዮ ነው» ካለ በኋላ የሚመልሰው የለም። የታወቀ ነገር ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ይገለበጣል፣ ወይ ሌላ ነገር ይደረብበታል።

ከዚያ ባዶ ቦታ። ከሽፋኑ ከግማሽ የሚበልጠው ጸጥ ያለ ይሁን። ዝርዝር የሚሰበሰበው ምክንያት ያለበት ቦታ ነው፦ ሞተሮቹ ዙሪያ፣ ሁለት አካል የሚጋጠምበት፣ ሽፋኑ ጎድጎድ ያለበት፣ ከሌላ መንኮራኩር ጋር የሚገናኝበት በር አጠገብ። እዚያም ቢሆን በሦስት መጠን ይደረደራል፤ 30 ሚ.ሜ አካባቢ የሆነ አንድ ትልቅ፣ አጠገቡ 8 ወይም 10 ሚ.ሜ የሆኑ ጥቂት፣ ከዚያ 1 እና 2 ሚ.ሜ የሆኑ ደቃቆች። ሁሉም እኩል ከሆነ ቆሎ የተበተነበት ሰፌድ ነው የሚመስለው።

የሽፋን መስመርም በዚሁ ሒሳብ ይዳኛል። 0.5 ሚ.ሜ ስፋት ያለው ጭረት በ1፡1000 የግማሽ ሜትር ቦይ ነው፤ ሰው ይገባበታል። በከተሩ ስለት ጀርባ፣ ብረት ማስመሪያ ይዞ፣ ሦስት አራት ጊዜ ቀለል አድርጎ መሳብ ነው። በአንድ ጉልበት የሚሳብ ስለት ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተውን ለመድፈን አንድ ከሰዓት ይሄዳል። ለትንንሽ ስኬል ጨርሶ አለመጫር ይሻላል። ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚ.ሜ ገደማ ነው፤ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ በኮላ ሲለጠፍ በ1፡350 ላይ 3.5 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው የብረት ሽፋን ይሆናል። ከመለጠፉ በፊት ቫርኒሽ ካልጠጣ ግን ብርጭቆ ወረቀት ሲነካው ጠጉር ያወጣል።

«ትልቅ ካልሆነ አያምርም» የሚሉትም እዚሁ ይመለስላቸዋል። በ1977 እ.ኤ.አ. በወጣው የ«ስታር ዋርስ» ፊልም መክፈቻ ላይ በተመልካች ራስ ላይ አላልፍ ያለው የጦር መንኮራኩር በታሪኩ 1,600 ሜትር ይባል እንጂ የተቀረጸው ሞዴል 91 ሳ.ሜ ገደማ ነበር።

«የውጭ ፕላስቲክ ካልመጣ አይሠራም»

ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴሌቪዥን የታየው የ«ስታር ትሬክ» መንኮራኩር ሞዴል 3.4 ሜትር ገደማ ሲሆን የተሠራው ከእንጨት፣ በሙቀት ከተቀረጸ ፕላስቲክ እና ከላሜራ ነው፤ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ቆሟል። እንጨትና ላሜራ ደግሞ መንዝም አለ፣ ምንጃርም አለ።

ማስታወቂያ ቤቶች ፊደል የሚቆርጡበት ነጩ የፒቪሲ ፎም፣ 3 እና 5 ሚ.ሜ የሆነው፣ ቁርጥራጩ ይጣላል። ለጎድን አጥንት ከዚህ የተሻለ አይገኝም። አከርካሪው 20 ሚ.ሜ የኤሌክትሪክ መስመር ቱቦ ይሁን፤ በየ5 ወይም 6 ሳ.ሜ አንድ የጎድን አጥንት ይሰካበታል፣ በላዩ 1 ሚ.ሜ የፕላስቲክ ሽፋን ይለብሳል። የጎድን አጥንቶቹ ከተራራቁ ሽፋኑ በመሃል ይሰምጣል፤ ሲቀባ እንደ ከሳ በሬ ጎኑ ይቆጠራል። ካርቶን ወይም ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ) የሚጠቀም ሰው ሁለቱንም ፊት ቫርኒሽ ያጠጣ። አንዱን ፊት ብቻ የቀባ እንደሆነ የክረምቱ ጉም በሌላው በኩል ገብቶ ያጣምመዋል።

የቢክ እስክርቢቶ አካሉ ፖሊስታይሪን ነው፤ ሞዴል የሚሸጡ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ያው ፕላስቲክ። ባለ ስድስት ጎን ስለሆነ የነዳጅ መስመር ወይም የመሣሪያ አፈሙዝ ይወጣዋል። የሲዲ ቀፎም ፖሊስታይሪን ነው፤ መስኮት ይሆናል፣ ግን ይሰነጠቃል፤ ተጭሮ ይሰበራል እንጂ አይቆረጥም።

«ሱፐር ግሉ የማይዘው የለም»

አለ፣ ብዙ አለ። የሃይላንድ ክዳን፣ ጄሪካን፣ የመርፌ ሲሪንጅ፣ የቢክ ክዳን ፖሊኤትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ናቸው፤ ምንም ማጣበቂያ አይወዱም። የአሮጌ ፕሪንተር ጥርሶችም አብዛኞቹ ማጣበቂያ አይወዱም። ዛሬ የያዘ ይመስላል፣ ቀለሙ ደርቆ ሞዴሉ ሲነሣ ሞተሩ መሬት ላይ ነው። ከዕቃው ሥር ያለውን፣ የፕላስቲኩን ዓይነት በቁጥር የሚናገረውን ሦስት ማዕዘን ማየት ነው፤ 2፣ 4 እና 5 ቁጥር ካለበት ማጣበቂያ አይታመንም። የግድ ካስፈለገ ከጀርባ በብሎን ይታሰር፣ ወይም ሦስት አራት ቀዳዳ ተበስቶ ኢፖክሲ በቀዳዳው አልፎ እንደ ሚስማር ይንከሰው። 6 ቁጥር ፖሊስታይሪን ነው፣ 3 ቁጥር ፒቪሲ ነው፤ ሁለቱንም የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበት የፒቪሲ ማጣበቂያ አሟሙቶ ያዋህዳቸዋል።

ያሟሟል ማለት ግን ይብዛ ማለት አይደለም። በብሩሽ ጫፍ፣ በመጋጠሚያው ጠርዝ ብቻ። ሰፊ ሽፋን ላይ የፈሰሰ ማጣበቂያ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ከሳምንት በኋላ ሽፋኑን ከውስጥ ያጎብጠዋል፤ ስለዚህ የተዘጋ አካል ሁሉ ከማይታይ ቦታ 3 ሚ.ሜ መተንፈሻ ይኑረው። ሌላም አለ፤ ብርድ ነው ተብሎ በር ዘግቶ የከሰል ማንደጃ አጠገብ በዚህ ማጣበቂያ መሥራት ቤት ማቃጠል ነው። እንፋሎቱ እሳት ይጎትታል።

የዕቃ ማሸጊያው ነጭ ፎም ደግሞ ሱፐር ግሉም ስፕሬይም ይበላዋል። በመጀመሪያ ኮላ ሦስት ጊዜ ይልበስ።

«ፕላስቲክ በፈላ ውሃ ይጎብጣል»

የትኛው ፕላስቲክ? የትስ የፈላ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ቢወርዱ እንኳ 96 አካባቢ ነው። ፖሊስታይሪን የሚለዝበው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ስለሆነ እዚህ ድስት ውስጥ ሲንከባለል ቢውል አይታጠፍም፤ ሰው ግን ውሃው አልፈላም ብሎ እንጨት ይጨምራል። ፒቪሲ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ላይ ስለሚለዝብ እሺ ይላል። የ3 ሚ.ሜ ፎም አንድ ሁለት ደቂቃ ውሃው ውስጥ ቆይቶ ጠርሙስ ላይ ይጠመጠማል፣ እስኪቀዘቅዝም በጨርቅ ታስሮ ይቆያል። ቱቦ ከሆነ እንዳይሰበር ውስጡ አሸዋ ይሞላል። በነበልባል ማለስለስ አይሞከር፤ የተቃጠለ ፒቪሲ ጢሱ ሳንባ ይጎዳል።

ጥቃቅኖቹ

«አፍንጫው ሹል፣ ክንፉ ሰፊ ይሁን።» አየር በሌለበት ምን ይሰነጥቃል? በ1969 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያወረደችው መንኮራኩር እግር ያወጣች ሣጥን ነበረች። ይልቅ ሁሉም የሚረሳው የሙቀት ማስወገጃ ሰሌዳ ነው፤ በጠፈር ሙቀት የሚወጣው በዋናነት በጨረር ነውና ሰፋፊ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ያስፈልጋል።

«ስቱኮው ቶሎ እንዲደርቅ ማጠንከሪያ ጨምርበት።» የመኪና ስቱኮ ማጠንከሪያ ልኩ በክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ የሎሚ ያህል ስቱኮ ላይ የባቄላ ፍሬ ያህል። የበዛበት ይሰባበራል፣ ቀለም ውስጥም ያልፋል። በአንድ ጊዜ ከ2 ሚ.ሜ በላይ ከተሞላ ሙቀቱ ስስ ፕላስቲክ ያጣምማል።

«ኤልኢዲ ባትሪ ላይ በቀጥታ ይሰካል።» ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ፣ 20 ሚሊ አምፒር ነው። ለ9 ቮልት ባትሪ 330 ኦም፣ ለ12 ቮልት 470 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታ) ይቀድመዋል።

«መብራቱ በኋላ ይገባል»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሽፋኑ ከተዘጋ በኋላ ሽቦ አይገባም፤ የገባውም ሲበላሽ አይወጣም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አጥንቱ ቆሞ ሽፋኑ ሳይለብስ የሽፋኑ ውስጠኛ ፊት ጥቁር ይቀባል፣ በላዩ ነጭ። ጥቁሩ ከሌለ 1 ሚ.ሜ ፕላስቲክ ብርሃን አሳልፎ መንኮራኩሩ እንደ ፋኖስ ይበራል፤ ነጩ ከሌለ ብርሃኑ አይበተንም። ሽቦው በአከርካሪው ቱቦ ውስጥ ያልፋል፣ ባትሪው በማግኔት በሚያዝ ክዳን ሥር ይቀመጣል። መጋጠሚያዎቹ በናስትሮ ከመሸፈናቸው በፊት አንድ ሌሊት ይብራ። ጭራማ የጌጥ መብራት ተበትኖ የሚገኘው ብርሃን አስተላላፊ ክር ለደቃቅ መስኮት ጥሩ ነው፤ በሱፐር ግሉ ከተያዘ ግን ደርቆ ይቀነጠሳል፣ ኮላ ይበቃዋል።

«ቀለም ቀለም ነው»

ዱኮ (በቲነር የሚቀጥነው የመኪና ቀለም) በዘይት ቀለም ላይ ከተነፋ ሥር ያለው ተነሥቶ ይጨማደዳል። መጀመሪያ ዱኮ፣ ደርቆ ሲያበቃ የዘይት ቀለም፤ ተገላብጦ አይሆንም። የሚያብረቀርቅ ቀለም ሞዴሉን አሻንጉሊት ያደርገዋል፣ ስለዚህ መጨረሻው የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ነው። ግራጫው አንድ ብቻ አይሁን፤ ልዩነታቸው እምብዛም የማይለይ ሦስት ግራጫ በወረቀት ፕላስተር እየተከለለ በየሰሌዳው ይነፋ። ንጹሕ ጥቁርና ንጹሕ ነጭ አይነካ። ከጣርማ በር ቆላው ፈዞ እንደሚታየው ዓይን የራቀ ትልቅ ነገር ደብዛዛ ነው ብሎ ለምዷል። በጠፈር ጉም የለም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ተመልካቹ ግን ያለው ምድር ላይ ነው።

የስፕሬይ ጣሳ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ግፊቱ ይወርዳል፣ ቀለሙም እንደ አሸዋ ይረጫል። ጣሳው እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ይቆይ፤ ማንደጃ ላይ ከተቀመጠ ይፈነዳል። ከ20 እስከ 25 ሳ.ሜ ርቆ፣ ሦስት ስስ ንፊት፣ በመካከሉ 15 ደቂቃ። ሰዓቱ ከጧቱ 5 እስከ ቀኑ 9 ነው። በክረምት ጉም የተነፋ ዱኮ ቲነሩ ሲተን እርጥበት ስቦ እንደ ወተት ይነጣል፤ ሰው ተበሳጭቶ ሁሉን ይፍቀዋል። አይፋቅም። ፀሐይ የወጣበት ቀን ተጠብቆ ቲነር ብቻ በጣም ስስ ሆኖ ይነፋበታል፤ ዱኮው ትንሽ ይለዝባል፣ የታሰረው እርጥበት ይወጣል፣ ነጩም ይሄዳል።