«አጥሬዋለሁ፣ ምን ቀረኝ?»

ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ፣ ቦታ ይዞ ያልገነባ ሰው ደንብ አስከባሪ ሲመጣበት የሚመልሰው ይህንኑ ነው። የቀረው ሁሉ ከአጥሩ ወዲያ ነው።

ቆርቆሮ ቆሻሻን አያስቀርም፤ ይሸሽጋል። ሌሊት የተወረወረ ፌስታል ከመንገድ ስለማይታይ ክምሩ የሚታወቀው ሲሸት ነው። በመንገድ በኩል አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ይነሳና በምትኩ የሽቦ መረብ ይመታ፤ የሚታይ ቦታ ላይ ጣይው ይቀንሳል። ጋሪ የሚያስገባ፣ ቁልፍ ያለው በርም ይኑረው። ዙሪያውን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ሰው በምን ሊያጸዳ እንዳሰበ እንጃ!

አጥሩም ቢሆን በየክረምቱ የሚዘምመው በነፋስ ብቻ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቋሚ ቀድሞ የሚበሰብሰው አፈሩ ጫፍ ላይ፣ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ነው። ስለዚህ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከታች ጀምሮ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ይቀባ። ጉድጓዱ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ሥሩ ጠጠር ይግባበት፣ በቋሚዎቹ መካከል 2 ሜትር ይበቃል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ጉድጓዱ ጠለቅ ይበል፤ ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቋሚውን ያንቀሳቅሳል። ቆርቆሮው ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ይነሳ። አፈር ከነካ ይዝጋል፤ አፈር ከተደገፈበት ደግሞ ጎርፉ ታግዶ ወደ ጎረቤት መሠረት ይሰርጋል።

ስለ ባዶ ቦታ የሚባል ሌላም አለ። «ሣሩን በዓመት አንዴ ማጨድ ይበቃል።» አይበቃም። ሐምሌ አንዴ፣ መስከረም ላይ ዘሩን ሳይጥል ሁለተኛ። ጥቅምት የሚያጭድ የመጪውን ዓመት አረም ዘርቶ ነው።

«እሳት ይለቀቅበት።» ፌስታል ያለበት ሣር? የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ጎረቤትን ከልክ ባለፈ ጭስና ሽታ ማስቸገርን ይከለክላል።

«የቆመ ውኃ ወባ ያመጣል።» የአዲስ አበባ መሀል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በአገራችን ወባ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ውኃው ግን ይፍሰስ፣ ለመሠረት ሲባል።

«አጥር ግንባታ መጀመር ነው።» የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ግንባታ ተጀመረ ያለው ቢያንስ መሠረቱ ወጥቶ የኮለን (የምሰሶ) ብረት ሲቆም ነው። ግንባታ ለመጀመር በሊዝ ውሉ የተሰጠው ጊዜ በቆርቆሮ አይቆምም።

«የአዲስ አበባ ደንብ ቡራዩም ለገጣፎም ይሠራል።» ሁለቱም ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ሸገር ደግሞ የኦሮሚያ ነው። እዚያ ቦታ ያለው ሰው ካርታውን ይዞ የዚያኑ ከተማ መሬት ጽሕፈት ቤት የአጥሩን ቁመትና ዓይነት ይጠይቅ፤ ቆርቆሮ ከመግዛቱ በፊት፣ መልሱንም በጽሑፍ።