የእሴይ ዛፍ ምንድን ነው?

የእሴይ ዛፍ በስብከተ ገና፣ ማለትም ለልደት በዓል በሚዘጋጁባቸው ሳምንታት፣ በካቶሊክ ቤተሰቦች ቤት የሚቆም ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ ነው። ልጆች በየምሽቱ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ምንባብ ይሰማሉ፤ ለዚያ ምንባብ በእጃቸው የሠሩትን አንድ ምልክት በቅርንጫፉ ላይ ይሰቅላሉ፤ ከዚያም አጭር ጸሎት ከወላጆቻቸው ጋር ያደርሳሉ። በመጀመሪያው ምሽት ባዶ የነበረው እንጨት ከፍጥረት ተነሥቶ በኖኅ፣ በአብርሃም፣ በሙሴና በዳዊት በኩል እያለፈ በገና ዋዜማ ቤተልሔም ሲደርስ ሞልቶ ይታያል። ከገና ዛፍ የሚለየውም በዚሁ ነው። የገና ዛፍ በአንድ ቀን አጊጦ የሚያልቅ ሲሆን፣ የእሴይ ዛፍ ግን ቀኑ ሳይደርስ ሊሞላ አይችልም፤ ልጁ የነገውን ምልክት ዛሬ ልስቀል ቢል እንኳ የነገው ታሪክ ገና አልተነበበም።

ስሙ የመጣው ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 11 የመጀመሪያ ቁጥር ነው፤ «ከእሴይ ግንድ በትር ይወጣል፥ ከሥሩም ቍጥቋጥ ያፈራል» ይላል። ቃሉን በትክክል ለመረዳት ከዚያ በፊት ያለውን የምዕራፍ 10 መጨረሻ ማንበብ ያስፈልጋል፤ እዚያ ረጃጅሞቹ ዛፎች ሲቆረጡና ጫካው በብረት ሲመነጠር እናያለን። ስለዚህ ነቢዩ የሚናገረው ቅርንጫፉን ዘርግቶ ስለቆመ ዛፍ ሳይሆን ስለ ጉቶ ነው። የዳዊት ቤት መንግሥት ተቆርጦ፣ የቀረው ነገር ሁሉ የሞተ በሚመስልበት ጊዜ፣ ከሥር አንድ ለጋ ነገር ብቅ ይላል ማለቱ ነው። በአገራችን ደጋ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶው መልሶ ሲያቆጠቁጥ፣ ከደረቀው ዳር ብርማ ቅጠል ያለው ቀንበጥ ሲወጣ ያላየ ልጅ ጥቂት ነው። እኔም ለልጆች ስለ እሴይ ዛፍ በተናገርሁ ቁጥር የምጀምረው ከዚያ ጉቶ ነው፤ ተስፋ የሚለውን ረቂቅ ቃል በዓይን የሚታይ ያደርገዋልና።

እሴይ ራሱ ማን ነው? የንጉሥ ዳዊት አባት፣ የቤተልሔም ሰው፣ የሩትና የቦዔዝ የልጅ ልጅ ነው። በቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 እንደተጻፈው፣ ሳሙኤል ከልጆቹ አንዱን ለንግሥና ሊቀባ በመጣ ጊዜ እሴይ ሰባቱን ልጆቹን አንድ በአንድ አሳለፈለት፤ ታናሹን ዳዊትን ግን በግ ጥበቃ ላይ ትቶት ነበር። ነቢዩ ሌላ ልጅ እንዳለው ጠይቆ ባያስጠራው ኖሮ ዳዊት ከሜዳ አይጠራም ነበር። ይህ ምንባብ በሚነበብበት ምሽት አንድ የሰባት ዓመት ልጅ «አባቱ ለምን ረሳው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። እናቱ ፈጥና መልስ አልሰጠችውም፤ «አንተ ምን ይመስልሃል?» ብላ መለሰችለትና ያ ምሽት ከሌሎቹ ሁሉ ረዘመ። ከዚህ ጸሎት የሚገኘው ፍሬ ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ጥያቄ በኩል ነው የሚመጣው።

ሐሳቡ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በብራናና በቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይ ነበር። በ1086 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ገደማ የተዘጋጀውና ዛሬ በፕራግ የሚገኘው የቪሼህራድ ወንጌል የእሴይን ዛፍ ከሚያሳዩት ጥንታውያን ሥዕሎች አንዱን ይዟል። በ12ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ደግሞ በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ዲዮናስዮስ ገዳም ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎም በሻርትር ካቴድራል፣ በባለቀለም መስተዋት ተሠራ። በሻርትሩ መስኮት ላይ እሴይ በግርጌ ተኝቷል፤ ከእርሱ የበቀለው ዛፍ ነገሥታቱን አንዱን ከአንዱ በላይ ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከነገሥታቱ በላይ እመቤታችን፣ ከሁሉም በላይ ክርስቶስ ተቀምጧል፤ በዙሪያውም ሰባቱን የመንፈስ ቅዱስ ስጦታዎች የሚያመለክቱ ሰባት ርግቦች አሉ። ነቢያቱ በግራና በቀኝ ቆመዋል። ማንበብ ለማይችል ምእመን ያ መስኮት ሙሉ ትምህርት ነበር፤ የዛሬው የካርቶንና የክር ዛፍም ማንበብ ላልጀመረ ልጅ የሚያደርግለት ይህንኑ ነው።

የግእዙን ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ሐሳቡ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ አይደለም። «ትወፅእ በትር እምሥርወ እሴይ» የሚለው የኢሳይያስ ቃል በዘመነ ጽጌ የሚሰማ ነው፤ በትሩ እመቤታችን፣ ከእርስዋ የወጣው አበባም ጌታችን እንደሆነ አባቶች ያስተማሩት በዚሁ ቃል ላይ ቆመው ነው። የላቲን ሊቃውንትም በበኩላቸው በቋንቋቸው «በትር» እና «ድንግል» የሚሉት ቃላት በድምፅ እጅግ የተቀራረቡ መሆናቸውን አይተው ወደዚያው ትርጓሜ ደርሰዋል። ሁለት ቋንቋዎች በየራሳቸው መንገድ ሄደው በአንድ አበባ ፊት መገናኘታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ዘመነ ጽጌ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጾመ ነቢያት መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል፤ ኅዳር 15 ቀን የሚጀምረው ይህ ጾም ነቢያት የጌታን መምጣት እየናፈቁ የጾሙትን የሚያስታውስ ስለሆነ፣ የእሴይ ዛፍ በየምሽቱ ከሚያነሣው ተስፋ ጋር ይስማማል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ቅርንጫፉ ከአጥር ግቢ የወደቀ ደረቅ እንጨት ቢሆን ይበቃል፤ አንድ ክንድ ያህል ቁመትና አራት አምስት ተገንጣይ ካለው ጥሩ ነው። በጠጠር በተሞላ ማሰሮ ወይም በባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ይተከላል፤ ጠጠሩን መልቀምና ማጠብ ለትንንሾቹ የሚተው ሥራ ነው። ምልክቶቹ ከካርቶን ተቆርጠው በቀለም ይሳሉና ጫፋቸው ተበስቶ ክር ይገባባቸዋል። ተዘጋጅተው የሚሸጡ አሉ፤ እኔ ግን ልጁ በመቀስ አጣሞ የቆረጠውን ኮከብ እመርጣለሁ፤ ኮከቡን ሲቆርጥ ያጠፋው ግማሽ ሰዓት አብርሃም ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ከዋክብትን እንዲቆጥር የታዘዘበትን ሌሊት ሲያስብ የቆየበት ነውና።

ለእያንዳንዱ ምልክት የሚሆነው ነገር ብዙውን ጊዜ በቤት ውስጥ ይገኛል። ለያዕቆብ መሰላል የክብሪት እንጨቶች በሙጫ ይያያዛሉ። በብዙ ኅብር ላጌጠችው የዮሴፍ ቀሚስ ከአሮጌ ነጠላ ጥለት የተቆረጠ ቁራጭ ጨርቅ ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። ለሩት ጥቂት የገብስ ዘለላ በክር ይታሰራል፤ ሩት ቤተልሔም የደረሰችው በገብስ መከር መጀመሪያ ነበርና። ለሙሴ የሚነደው ቍጥቋጦ ይሳላል። ለዳዊት የምዕራቡ ልጆች የሚሥሉትን ዓይነት በገና መገልበጥ አያስፈልግም፤ የእኛው ዐሥር አውታር ያለው በገና አለ፣ ልጆቻችንም በጾም ድምፁን ሰምተውታል። ለአዳምና ለሔዋን ብዙ መጻሕፍት ቀይ ፖም ያሳያሉ፤ ኦሪት ዘፍጥረት ግን ፍሬው ምን እንደሆነ አይናገርም፤ በእኛ ዘንድ ዕፀ በለስ እየተባለ ስለኖረ የበለስ ቅጠል የሣለ ልጅ አልተሳሳተም።

የምሽቱ ሥርዓት አጭር መሆን አለበት። መብራቱ ዝቅ ይላል፤ ሻማ ይበራል፤ አንዱ ምንባቡን ያነባል፤ ልጁ ምልክቱን ይሰቅላል፤ አባታችን ሆይና ሰላም ለኪ ይደርሳል። ከዐሥር ደቂቃ ካለፈ ትንንሾቹ ይሰለቻሉ። ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ ያለበት ይመስለኛል፤ ምልክቱ የሚሰቀለው ከምንባቡ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፤ አለዚያ ንባቡ የጌጡ ማጀቢያ ሆኖ ይቀራል። ወላጅ ደክሞት አንድ ምሽት ቢያልፍም በማግሥቱ ሁለቱን ማንበብ ይቻላል፤ ሦስት አራት ቀን ያለፈ እንደሆነ ግን ሁሉንም በአንድ ምሽት ከመደራረብ፣ ያለፉትን በአጭሩ ተርኮ ምልክቶቹን መስቀል ይሻላል። ደረቅ እንጨትና ወረቀት አጠገብ ሻማ ስለሚበራ፣ ሻማው ከቅርንጫፉ ርቆ በሌላ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ያለ አዋቂም አይተው።

ብዙ ወላጆች የሚያመነቱት በዘር ሐረጉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ለልጅ የሚነገሩ ስላልመሰላቸው ነው። ቅዱስ ማቴዎስ ወንጌሉን በትውልድ ቆጠራ ሲከፍት ከእመቤታችን በፊት አራት ሴቶችን ያነሣል፤ ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና ስሟን ሳይጠራ የኦርዮን ሚስት። የኢያሪኮዋ ረዓብ ምን ዓይነት ኑሮ ትኖር እንደነበር ለአምስት ዓመት ልጅ ማብራራት ግድ አይደለም፤ ሰላዮቹን እንደሸሸገቻቸውና በመስኮቷ ያሰረችው ቀይ ፈትል ቤተሰቧን እንዳዳነ መንገር ይበቃል፤ ምልክቱም አንድ ቀይ ክር ብቻ ነው። ሙሉ ታሪኩን ሲያድግ ራሱ ያነበዋል፤ ያን ጊዜ ያ ቀይ ክር ከኖኅ ቀስተ ደመና አጠገብ፣ ከንጉሥ ዳዊት በገና ጋር በአንድ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ማየቱን ያስታውሳል። ዳዊትም ቢሆን ኃጢአት ሠርቶ ያለቀሰ ንጉሥ ነው። እነዚህን ሰዎች ከዛፉ አውርዶ ጻድቃኑን ብቻ ማስቀረት ወንጌላዊው ያላደረገው ነገር ነው።

በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም በምዕራቡ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ሥርዓት፣ ከታኅሣሥ 17 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ እስከ 23 በሠርክ ጸሎት ላይ ጌታን በሰባት የብሉይ ኪዳን ስሞች የሚጠሩ ሰባት ጥንታውያን ጸሎቶች ይደርሳሉ፤ ጥበብ፣ አዶናይ፣ የእሴይ ሥር፣ የዳዊት መክፈቻ፣ የንጋት ፀሐይ፣ የአሕዛብ ንጉሥ፣ አማኑኤል። ሦስተኛው፣ በ19 የሚደርሰው፣ «የእሴይ ሥር ሆይ» የሚለው ነው፤ ፍጻሜውም እንዳይዘገይ የሚለምን ጥሪ ነው። ልጆች ጥሪን ይወዳሉ፤ በዚያ ምሽት «ና፣ አትዘግይ» የሚለውን እነርሱ ጮክ ብለው እንዲመልሱ ማድረግ ጸሎቱን የእነርሱ ያደርገዋል።

ቀን አቆጣጠሩ ለእኛ ጥቂት ማስተካከያ ይፈልጋል። በላቲን ሥርዓት ስብከተ ገና የሚጀምረው ከልደት በፊት ባለው አራተኛው እሑድ ስለሆነ፣ እንደየዓመቱ ከ22 እስከ 28 ቀን ይሆናል፤ በ2018 ዓ.ም. የጀመረው ኅዳር 21 ቀን ነበር። ገናን ታኅሣሥ 29 የሚያከብር ቤተሰብ ግን ታኅሣሥ 1 ቀን ቢጀምር እስከ ዋዜማው ልክ 28 ምሽቶች ያገኛል። በግእዝ ሥርዓት ከልደት በፊት ያሉት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ የተባሉት ሦስት እሑዶችም በዚያው ውስጥ ስለሚውሉ፣ በስብከት ነቢያቱን፣ በብርሃን ፋኖስ ወይም ሻማ፣ በኖላዊ በግና የእረኛ በትር መስቀል ይቻላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ ቤተሰቦች መካከል ልጆቹ በትምህርት ቤታቸው ልደትን አክብረው ከጨረሱ በኋላ በቤት ገና ለሚጠብቁት፣ ዛፉ ገና ያልሞላ መሆኑ በሁለቱ በዓላት መካከል ያለውን ሁለት ሳምንት የሚይዝ ነገር ይሰጣቸዋል።

በመጨረሻው ምሽት የሚሰቀለው ግርግሙ ነው፤ ከቤቱ ልጆች ሁሉ ታናሹ ይሰቅለዋል፤ ለምን ታናሹ እንደሆነ የዳዊትን ታሪክ የሰማ ልጅ ያውቃል። ከጥምቀት በኋላ ምልክቶቹ አንድ በአንድ ወርደው በካርቶን ሣጥን ይቀመጣሉ፤ የተቀደደው በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይሠራል። ቅርንጫፉን ግን የማይጥሉ ቤተሰቦች አሉ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከዚያው እንጨት ሁለት ቁራጭ ቆርጠው፣ መካከሉን በክር አስረው፣ በዚያው ማሰሮ ጠጠር ላይ መስቀል አድርገው ይተክሉታል።