የስታዲየም አስተዋዋቂነት በአዲስ አበባ

የስታዲየም አስተዋዋቂ በጨዋታ ቀን ማይኩን ይዞ አሰላለፍ፣ ጎል፣ ቅያሪና የባከነ ሰዓት ለተመልካች የሚናገር ሰው ነው። ብዙዎች ከጨዋታ አስተላላፊ ጋዜጠኛ ጋር ያምታቱታል። ጋዜጠኛው ሜዳ ላልመጣው ሰው ዓይን ይሆናል፤ አስተዋዋቂው ግን የሚናገረው በገዛ ዓይኑ ለሚያይ ሰው ነው። ስለዚህ ካበዛ ይሰለቻል።

በሌላው ዓለም ሥራው በአብዛኛው የባለሜዳው ክለብ ነው፤ ማዳላትም ነውር የለውም። ጀርመን ውስጥ አስተዋዋቂው የጎል አግቢውን ስም ሲጠራ ሕዝቡ የቤተሰብ ስሙን በአንድ ድምፅ ይመልስለታል። እኛ ጋ ቢሞከር ስታዲየሙ በሙሉ የሚጮኸው የተጫዋቹን አባት ስም ይሆናል፤ ጎሉን ያገባው ልጁ፣ የሚወደሱት አባትየው!

አዲስ አበባ ስታዲየም ከመስቀል አደባባይ አጠገብ፣ ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በ1954 የ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 የረታችው እዚሁ ነው። የከተማዋ ክለቦች ለረጅም ዘመን ሜዳውን በጋራ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ሲገናኙ ማን እንግዳ፣ ማን ባለቤት ነው ሊባል? አስተዋዋቂው ለአንዱ ጎል ድምፁን ከፍ፣ ለሌላው ዝቅ ቢያደርግ ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ በሚባሉት የስታዲየሙ ክፍሎች የተቀመጡ ደጋፊዎች መልሱን ወዲያው ይሰጡታል። ደጋፊን ማሞቅ የአስጨፋሪው ድርሻ ነው። በእኔ እምነት ይህ ገለልተኝነት የሥራው ክብር ነው፤ ቀዝቃዛ ነው የሚሉት ግን አይጠፉም።

ዋናው ልፋት ያለው ከጨዋታው በፊት ነው። የአሰላለፍ ወረቀቱ እጁ እንደገባ ስሞቹን አንድ በአንድ ማንበብ ይጀምራል። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም፤ ስለዚህ ያገር ልጅ ስም እንኳ ያደናቅፋል። ጠንቃቃ አስተዋዋቂ ወደ ቡድን መሪው ሄዶ ይጠይቃል፤ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ያደርጋል። ከጋና ወይም ከናይጄሪያ የመጣ ተጫዋች ካለ ደግሞ ስሙን እንደሰማው በፊደል ይጽፈዋል። ያን ያላደረገ ሰው በሺህ ሕዝብ ፊት ስም ሲያበላሽ መስማት ያሳፍራል።

ሁለተኛው ፈተና ድምፁ ነው። ሜዳውን የመሮጫ መም ስለሚከበው መቀመጫዎቹ ይርቃሉ። ድምፅ 100 ሜትር ለመጓዝ 0.3 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ተናጋሪው የራሱ ቃል ከማዶው ስፒከር ዘግይቶ ጆሮው ላይ ሲመለስ ምላሱ ይተሳሰራል። መፍትሔው አረፍተ ነገርን ማሳጠር፣ ከስምና ከስም መካከል ትንፋሽ መውሰድ ነው።

በዳኛ ውሳኔ ላይ አስተያየት መስጠት አይፈቀድለትም። በፊፋ አሠራር ዘረኛ ስድብ ሲሰማ ዳኛው መጀመሪያ ጨዋታውን ያስቆማል፣ በድምፅ ማጉያ ማስጠንቀቂያ ይነገራል። ካልቆመ ተጫዋቾቹ ለጊዜው ከሜዳ ይወጣሉ፣ በሦስተኛው ጨዋታው ይቋረጣል። የጠፋ ልጅ፣ መንገድ የዘጋ መኪና ታርጋ፣ የሕሊና ጸሎት፣ ሁሉም በዚያው ማይክ ያልፋል።

ከ2013 የውድድር ዘመን ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦቹን በአንድ አስተናጋጅ ከተማ እየሰበሰበ መካሄድ ጀምሯል። በአንድ ሜዳ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ሲኖር አስተዋዋቂው የመጀመሪያውን ውጤት ተናግሮ ሳያርፍ የሁለተኛውን አሰላለፍ ያነባል፤ በቀኑ የአራት ቡድን ስም ማለት ነው። በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ የሚያደርግበት ወረቀትም እንደዚያው ይበዛል።