መንግሥት ለማዕድን ምርመራ የሚሰጠው ድጋፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መንግሥት ገንዘቡን ለማዕድን ኩባንያዎች እያደለ ነው»

መንግሥት በገንዘቡ የሚገዛው መረጃ ነው፦ የስነ ምድር ካርታ፣ ከአውሮፕላን የሚወሰድ የማግኔቲክና የጨረራ ልኬት፣ የግራቪቲ (የመሬት ስበት) ልኬት፣ የወንዝ ደለል ናሙና ውጤት። ኩባንያ የሚያጠናው ፈቃድ የያዘበትን መሬት ብቻ ነው፤ ማዕድን ተሸካሚው ድንጋይ ግን በፈቃድ ወሰን አይቆምም። ከ200 እስከ 400 ሜትር በተራራቁ መስመሮች ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን አካባቢውን በሙሉ ሲለካ፣ ከአፈር በታች የተቀበረው ስብራትና የድንጋይ ወሰን በካርታው ላይ ይወጣል።

በደቡብ አውስትራሊያ የሚገኘው ኦሊምፒክ ዳም የተባለው የመዳብ ክምችት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የመጀመሪያው ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲቆፈር መዳቡ ከ300 ሜትር በላይ ውፍረት ባለው ባዶ ድንጋይ ተሸፍኖ ነበር። ላዩ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። መርማሪዎቹን ወደ ቦታው ከመሯቸው ነገሮች አንዱ መንግሥት ቀደም ብሎ ያስለካው የግራቪቲና የማግኔቲክ ካርታ ነው።

«የቁፋሮ ድጋፍ ከቁፋሮው በፊት የሚከፈል ገንዘብ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያው በራሱ ገንዘብ ቆፍሮ፣ ሪፖርትና ደረሰኝ አስገብቶ ነው ድርሻው የሚመለስለት። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የምዕራብ አውስትራሊያ ፕሮግራም ከቀጥታ የቁፋሮ ወጪ እስከ ግማሽ ይመልሳል፤ ለዚያውም ጣሪያ አለው። ስለዚህ ሙሉውን ወጪ የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ በእጁ የሌለው ኩባንያ ማመልከቻው ቢያልፍለትም ሥራው መሀል ላይ ይቆምበታል።

በማመልከቻው ላይ የጉድጓዱ ቦታ፣ አቅጣጫው፣ ዘንበል የሚልበት ማዕዘን፣ ጥልቀቱና የቁፋሮው ዓይነት ይገለጻል። ከሁሉ በላይ የሚመዘነው «እዚህ ለምን ይቆፈራል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው ስነ ምድራዊ ምክንያት ነው። ተደጋግሞ የሚያጋጥመው ስህተት የኮኦርዲኔት፣ ማለትም የቦታ መለያ ቁጥር፣ ነው። በድሮው የካርታ ዳተም (ኮኦርዲኔት የሚለካበት የመነሻ ሥርዓት) የተነበበ ቁጥር በአዲሱ ዳተም እንደተለካ ተደርጎ ሲጻፍ፣ ጉድጓዱ ከታሰበበት 200 ሜትር ገደማ ሊርቅ ይችላል፤ ጠባብ የማዕድን ሥር ለመሳት ይህ ከበቂ በላይ ነው።

«ማዕድን ያልተገኘበት ጉድጓድ የባከነ ገንዘብ ነው»

ይህ ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርስ አመለካከት ነው። ባዶ የተባለው ጉድጓድ የሽፋኑን ውፍረትና የሥረኛውን ድንጋይ ዓይነት ይነግረናል፤ ቀጣዩ መርማሪም ያንኑ ቦታ ደግሞ እንዳይቆፍር ያድነዋል። ይህ የሚሆነው ግን ኮሩ፣ ማለትም ከጉድጓዱ የሚወጣው ሲሊንደር ድንጋይ፣ በአግባቡ ከተያዘ ነው። በሣጥኑ በቅደም ተከተል ይደረደራል፤ መቆፈሪያው በአንድ ዙር ካወጣው ኮር በኋላ ሁሉ ጥልቀቱ የተጻፈበት ብሎክ (ትንሽ መለያ ቁራጭ) ይገባል፤ ተሰባብሮ የጠፋው ክፍል በሜትር ይመዘገባል። አንድ ብሎክ ከተሳሳተ ከእሱ በታች ያለው ጥልቀት ሁሉ ይዛባል፤ የላቦራቶሪ ውጤቱም ከሌላ ድንጋይ ጋር ይያያዛል። የመንግሥት የኮር ማከማቻ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፦ ዛሬ ለወርቅ ብቻ የተመረመረ ኮር ነገ ለሌላ ማዕድን እንደገና ይመረመራል።

«የታክስ ማበረታቻም ከካርታና ከቁፋሮ ድጋፍ ጋር ያው ነው»

አይደለም። በካናዳ ገቢ የሌለው መርማሪ ኩባንያ የምርመራ ወጪውን ከሚታከስ ገቢ የመቀነስ መብቱን ለባለአክሲዮኖቹ ያስተላልፋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ለግለሰብ ባለአክሲዮኖች 15 በመቶ የታክስ ቅናሽ ተጨምሯል። ይህ ካፒታል ይስባል፤ መሠረታዊ ካርታ በሌለው አካባቢ ግን የካርታውን ቦታ አይተካም። እዚያ መጀመር ያለበት ከልኬቱ ነው።

«ድጋፍ ከተሰጠ ማዕድን ማውጫው በቅርቡ ይከፈታል»

ድጋፍ የማምረት ፈቃድም፣ የክምችት ዋስትናም አይደለም። በደቡብ አውስትራሊያ ካራፓቲና የተባለው የመዳብና የወርቅ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2005 በመንግሥት ድጋፍ በተቆፈረ ጉድጓድ ተገኘ፤ ማምረት የጀመረው በ2019 መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ የአካባቢው ነዋሪ ሊከታተል የሚገባው ቅርብ ነገር አለ፦ የቁፋሮው ጭቃ የተጠራቀመበት ጉድጓድ በአፈር ተሞልቷል? ውኃ ከአንዱ የድንጋይ ንብርብር ወደ ሌላው እንዳይገባ የተቆፈረው የምርመራ ጉድጓድ ተደፍኗል? የተነሣው አፈርስ ወደ ቦታው ተመልሷል?