«ነጠላ የብልሽት ነጥብ» ምንድን ነው?

ነጠላ የብልሽት ነጥብ የሚባለው በአንድ ሥርዓት ውስጥ የሚገኝና እሱ ብቻውን ሲቆም ሥርዓቱን በሙሉ የሚያቆም ክፍል ነው። አነጋገሩ የመሐንዲሶች ቢሆንም፣ ዛሬ በር ለመክፈት፣ ገንዘብ ለመላክ፣ መንገድ ለማግኘትና መብራት ለማብራት ሳይቀር ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ መሣሪያ የሚጠቀም ሁሉ ሊያውቀው ይገባል እላለሁ፤ እነዚህ ሥራዎች ከተገናኙ ወዲህ የሚሰናከሉበት ቦታ ከቤታችን ወጥቶ ከዐይናችን ርቋልና።

በስልክ የሚበራ አምፖልን እንውሰድ። የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ከሽቦና ከኤሌክትሪክ ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም። በብዙዎቹ «ስማርት» አምፖሎች ግን ጣታችን ስክሪኑን ሲነካ ትእዛዙ ከስልኩ ወደ ዋይፋይ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው፣ ከዚያም ምናልባት ሌላ አገር ወዳለው የአምራቹ ሰርቨር፣ ማለትም ትእዛዙን ተቀብሎ ወደሚያስተናግደው ኮምፒውተር ይጓዝና ተመልሶ መጥቶ ከራሳችን በላይ ያለውን አምፖል ያበራል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል አምፖሉም መብራቱም ደኅና ሆነው ሳለ ትእዛዙ አይደርስም። ሰርቨር ደግሞ በብልሽት ብቻ አይዘጋም፤ ሪቮልቭ የተባለው የቤት ውስጥ መሣሪያዎች መቆጣጠሪያ አገልግሎቱን የያዘው ድርጅት እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 ሲዘጋው፣ ሰዎች ከፍለው የገዙት ዕቃ አንዳች ሳይሰበር ከጥቅም ውጭ ሆኗል።

ተራ ዕቃ ሲበላሽ የሚቸገረው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ የተገናኘ ነገር ሲበላሽ ግን ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቸገራል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ያሰራጨው አንድ እንከን ያለበት ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን አሰናክሎ በረራዎችን አሰርዟል፣ የሆስፒታሎችንና የባንኮችን ሥራ አስተጓጉሏል። ስሕተቱ በደቂቃዎች ውስጥ ዓለምን ያዳረሰ ሲሆን፣ ጥገናው ግን በብዙ ቦታ ባለሙያው በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፊት ቆሞ በእጁ የሚሠራው ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ መጠባበቂያ መስሎ የሚታየው ነገር መጠባበቂያ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 በካናዳ ሮጀርስ የተባለው የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያ ኔትወርክ ሲወድቅ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት አጡ። የቤት ኢንተርኔትና የሞባይል መስመር ለየብቻ የነበራቸው ሰዎች ሁለት ገመድ ይዘናል ብለው ነበር፤ ሁለቱም የታሰሩት ግን ከአንድ ችንካር፣ ማለትም ከኩባንያው ዋና ኔትወርክ ነበር። በየመደብሩ የካርድ ክፍያ ቆመ፣ ለአስቸኳይ እርዳታ ወደ 911 መደወል ያቃታቸውም ነበሩ፤ ብልሽቱን ማስተካከል የነበረባቸው ሠራተኞች ራሳቸው እርስ በርስ ለመገናኘት ተቸግረው ነበር፣ የሚጠቀሙት በወደቀው ኔትወርክ ነበርና።

ይኸው ችንካር በአብዛኞቻችን ኪስ ውስጥም አለ። የባንክ መተግበሪያው፣ ኢሜይሉ፣ የጉዞ ቲኬቱ፣ የዘመድ ስልክ ቁጥሩ ሁሉ ያለው አንድ ስልክ ላይ ነው። ስልኩ ሲጠፋ አዲስ ስልክ ገዝተን ወደ ኢሜይላችን ለመግባት ብንሞክር የማረጋገጫ ኮድ ይጠየቃል፣ ኮዱ ደግሞ የሚላከው ወደ ጠፋው ስልክ ነው።

የራስን ነጠላ ነጥብ ለማግኘት የባለሙያ እርዳታ አያስፈልግም። ሥራ በማይበዛበት ቀን ራውተሩን አጥፍቶ፣ ስልኩንም ዘግቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ለጥቂት ሰዓታት የዘወትር ሥራን ለመሥራት መሞከር ነው። በሩ ካልተከፈተ የብረት ቁልፍ ማስቀረጽ፣ የሚደወልለት ሰው ቁጥር ካልታወሰ በወረቀት መጻፍ፣ ለኢሜይሉ የሚሰጡትን የመጠባበቂያ ኮዶችም አትሞ ከስልኩ ተለይቶ በሚቀመጥ ቦታ ማኖር ይቻላል።